በአያትህ ጎራዴ ሃይላንድ አይቆረጥም

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 24 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት አራት ኪሎ ነው፤ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሚያዝያ 27 አርበኞች ሐውልቱ ሥር ጎራዴ መዘው ሲፎክሩ እያየሁ ስላደግሁ የሰይፍ ነገር ይወስደኛል። ሁለት አሉኝ። አንዱን ቸርችል ጎዳና ካለ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ገዛሁት። ሁለተኛው የእናቴ አባት ጎራዴ ነው፤ እጀታው ከቀንድ የተሠራ፣ አፎቱ የቆዳ ነው። ሰሞኑን ሰዎች ሃይላንድ ውሃ እየሞሉ በሰይፍ ሲቆርጡ በስልኬ አየሁና እኔም ግቢያችን ውስጥ ጀመርኩ። በገዛሁት ስሞክር ሃይላንዱ ሳይቆረጥ ተሽቀንጥሮ የጎረቤት መስኮት መታ። አሁን በአያቴ ጎራዴ ልሞክር አስቤአለሁ፤ የእሱ ስለት የተሻለ ይመስለኛል። እናቴ ግን ‹ወይ እኔ ወይ ጎራዴው› ብላኛለች። ስህተቴ ምን ላይ ነው? ልተወው ወይስ የሚሻል መንገድ አለ?»

ወንድሜ፣ «በአያቴ ጎራዴ ልሞክር» የምትለው ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ይህን ስታነብ ገና ካልሞከርክ፣ እባክህ አትሞክር። ሞክረህም ከሆነ ብረቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፤ እርጥቡን ወደ አፎቱ እንዳትመልሰው።

ልምምዱን ተው አልልህም። ወጣቶችን ማርሻል አርት ማሠልጠን ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ በሰይፍ መቁረጥ ትዕግሥት ላለው ሰው የሚከበር ትምህርት ነው። ነገር ግን በያዝካቸው በሁለቱም አትቁረጥ። አንደኛው አንተንና አጠገብህ ያለውን ሰው ይጎዳል፤ ሁለተኛውን ደግሞ አንተ ትጎዳዋለህ።

ከገዛኸው እንጀምር። ያ ዕቃ የተሠራው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ነው። የዚህ ዓይነት ሰይፍ ብዙውን ጊዜ የማይዝግ ብረት፣ ስቴንለስ ነው። ስቴንለስ ለወጥ ቤት ቢላዋ ጥሩ ነው፤ ቢላዋ አጭር ነው፣ ሥራውም ሽንኩርትና ሥጋ ነው። ርዝመቱ 70 እና 80 ሳንቲ ሜትር ሲደርስና በሙሉ ክንድ ሲወነጨፍ ግን ጎበጥ ብሎ መመለስ ያቅተውና ሊሰበር ይችላል። ዋናው አደጋ ደግሞ ከዓይንህ የተሸሸገው ክፍል ነው። የሰይፍ ብረት እጀታው ጋ አያበቃም፤ ጠበብ ብሎ እንደ ጭራ ወደ ውስጥ ይገባል። ለሥራ በተሠራ ሰይፍ ላይ ይህ ጭራ ሰፊና ወፍራም፣ ከስለቱ ጋር አንድ ወጥ ብረት ሆኖ ወደ እጀታው ጠልቆ ይዘልቃል። በጌጥ ሰይፍ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኘው በብየዳ የተቀጠለ ቀጭን ብሎን፣ ከጫፉም በዳዶ የተጠፈረ ነው። ሰይፉ በተመታ ቁጥር ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው በዚያች ብየዳ ላይ ነው።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ እንዳንተው የገዛውን ሰይፍ ይዞ መጣ። በእጄ መዘንኩት፣ ደህና መሰለኝ፣ ሳልፈታ ሳልመረምር ፈቀድኩለት። ሦስተኛው ምት ላይ ልጁ እጅ ውስጥ የቀረው እጀታው ብቻ ነበር። ስለቱ ከሁለታችን ራስ በላይ በርሮ የቆርቆሮ አጥሩን በስቶ ተሰካ። ልነቅለው ስሄድ ብረቱ ከቆርቆሮው ማዶ አንድ ስንዝር ያህል አልፎ ነበር፤ ማዶው ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት የእግር መንገድ ነው። ያን ሰዓት ማንም አላለፈም። ቀዳዳው እስከ ዛሬ አለ፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አየዋለሁ።

ስለዚህ የገዛኸውን እጀታ ጫፉ ላይ ፈትተህ ተመልከት። ውስጡ ብሎን ካገኘህ፣ ወይም ሰይፉን ስትነቀንቀው ድምፅ ካሰማ፣ አጥብቀህ መልሰህ ስቀለው። ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ሥራውም እሱ ነው።

የአያትህ ነገር ሌላ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ጎራዴዎቻችን ስለታቸው ከአውሮፓ መጥቶ እጀታቸውና አፎታቸው እዚህ በባለሙያ እጅ የተበጀላቸው ናቸው። በአንዳንዶቹ ብረት ላይ የይሁዳ አንበሳ ወይም የአማርኛ ጽሑፍ ተቀርጾ ታገኛለህ፤ የአያትህንም ብረት መስኮት አጠገብ ይዘህ በብርሃን አገላብጠህ እየው። እንዲህ ያለው ብረት የፕላስቲኩን ወፍራም ታች ወይም የቆመበትን እንጨት ነክቶ አንድ ቦታ ቢሸረፍ፣ ሽርፉን ለማጥፋት ስለቱን በሙሉ መሞረድ ሊኖርብህ ነው። የተሞረደ ብረት አይመለስም። ቀንዱም በዕድሜው ብዛት ደርቋል፤ ድንገተኛ ንዝረት ሊሰነጥቀው ይችላል። በዚያ ላይ የተሳለ መሰለህ እንጂ መቼና በምን እንደተሳለ፣ ከእጀታው ውስጥ ያለው ጭራ ምን ያህል እንደዛገ አንተም እኔም አላየንም።

ለጎራዴው ልታደርግለት የምትችለው ጥሩ ነገር ይህ ነው። ከአፎቱ አውጥተህ ለየብቻ አስቀምጣቸው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱንም ከውስጥ ያዝገዋል። ብረቱን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ጠርገህ የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀባው። ዘይቱ ቀንዱንና ቆዳውን አይንካ። የምግብ ዘይት አትጠቀም፤ ሲቆይ ይወፍርና ይጣበቃል። ብርጭቆ ወረቀትና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አጠገቡ አይድረሱ፤ ዝገቱን አነሣለሁ ስትል የተቀረጸውን ታጠፋዋለህ። ከዚያ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድረስ በእግርህ ሄደህ ባለሙያዎቹን አማክር፤ ከቤትህ ሩቅ አይደለም። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የኢትኖግራፊ ሙዚየምም እግረ መንገድህን እየው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 209/1992፤ በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስም ይመለከተዋል። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ ዓለም አቀፍ ንግዱ የተከለከለ ነውና «ልግዛህ» ብሎ ለሚመጣ ሰው ጆሮ አትስጥ።

አሁን ወደ ጥያቄህ፣ ሃይላንዱ ለምን በረረ?

ሰይፍ የሚቆርጠው ስለቱ የሚሄድበት መንገድና የብረቱ ጎን አንድ መስመር ሲሆኑ ነው። በጥቂቱ እንኳ ከተዛነፈ ብረቱ መግፋት ይጀምራል፤ የተገፋ ሃይላንድ ደግሞ ይበርራል። አዲስ ተማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው። ጀማሪ ትከሻውን ጨምድዶ ስለሚመታ ምቱ መሃል ላይ አንጓው ይጠማዘዛል። ጉልበት መጨመር ይህን አያስተካክለውም። የተሻለ ስለት ብትይዝም ያው ነው፤ በአያትህ ጎራዴ ብትሞክር ኖሮ ሃይላንዱ እንደገና ይበርር ነበር፣ አሁን ግን ከነሽርፉ ጎራዴ ጋር።

መጀመር ያለብህ ከእንጨት ነው። አባቶቻችን ፈረስ ጉግስ ሲጫወቱ የሚወራወሩት ስለት በሌለው ዘንግ ነበር፤ ጋሻውም የሚመክተው ያንኑ ነው። ዓይንና እጅ የሚገራው በዘንግ ነው። ላንተ ግን ድቡልቡል ዱላ አይበቃህም፤ ዱላ ስለት የለውምና ብትዛነፍ አይነግርህም። ሰፈርህ ያለ አናጺ ጋ ሄደህ ጠፍጣፋ ጣውላ አስቆርጥ፤ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ አንድ ተኩል፣ ርዝመቱ እንደ ጎራዴው። መያዣውን ሞላላ አድርጎ ይላግልህ። በጠባቡ ጎን ስትወነጭፈው አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ስትዛነፍ ሰፊው ጎኑ አየር ሲገፋ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ሁለት ወር ሙሉ፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ይህን ብቻ ሥራ። እንደሚሰለችህ አውቃለሁ። እኔ ጋ የመጡ ልጆች ግማሹ እዚህ ላይ ይቀራሉ፤ የጸኑት ግን በኋላ ስለት ሲይዙ አላስፈሩኝም።

እግርህን አሁኑኑ አስለምደው። ቀኝ እጅህን ተጠቅመህ ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ታፋ ስትቆርጥ ሰይፉ የሚጨርሰው በግራህ በኩል ነው። ስለዚህ ቀኝ እግርህ ከፊት፣ ግራ እግርህ ከኋላ ይሁን። ግራውን ካስቀደምክ ሃይላንዱን ያለፈው ስለት መንገዱ ላይ የሚያገኘው የራስህን ጉልበት ነው። በዚህ ልምምድ ከሚደርሱት ከባድ ጉዳቶች አንዱ ይሄ ነው፤ ሰው ራሱን ይቆርጣል። በጣውላው ስትሳሳት ጉልበትህ ያብጣል፣ ትማራለህ።

ከዚያ በኋላ ስለት ያስፈልግሃል። ረጅም ሰይፍ ፍለጋ አትልፋ፤ መርካቶ ብረታ ብረት ከሚሸጥበት ገጀራ ግዛ። ገጀራ አጭር ነው፤ የምትመርጠው ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ የሄደውን ነው፣ በሁለት ጎን እንጨት ታቅፎ በሪቬት የተያዘውን። ሪቬቶቹን ቁጠር፣ ነቅንቃቸው። በሞረድ ስትስለው ይሳላል፣ ቢሸረፍም አታለቅስለትም።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። በዚህ ባሳለፍነው ዘመን ገጀራ ይዞ የቆመ ጎረምሳ ማየት ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም፤ ግቢያችሁ ውስጥም ክፉ ነገር ያስታወሰው ሰው ሊኖር ይችላል። አንድም ቀን ሳትቆርጥ በፊት አምስቱንም ቤት አንኳኳ፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ፣ መቼና የት እንደሆነ ንገራቸው። ከአምስቱ አንዱ «እኔ አልወደውም» ካለህ ያ ግቢ ተዘግቷል፣ ሌላ ቦታ ፈልግ። ሰፈርህ ያለ ፖሊስ ጣቢያም ሄደህ አስቀድመህ ጠይቅ። መንገድ ላይ ስትወስደው በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቦርሳ ውስጥ ታስሮ ይሁን፤ ታክሲ ውስጥ የሚፈታ ነገር አይደለም።

ግቢውንም ለካው። አምስት ሜትር ገመድ ውሰድ፣ አንዱን ጫፍ ሃይላንዱ በሚቆምበት ቦታ ያዝና ዙሪያውን ዙር። ገመዱ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ መስኮት፣ የሰው በር ከነካ ያ ቦታ ለስለት አይሆንም። እንደ ገለጽክልኝ ከሆነ ያንተ ግቢ የሚሆን አይመስለኝም፤ ለጣውላው ግን ይበቃል። ስለቱን ከከተማው ወጣ ያለ፣ በሩ የሚቆለፍ ሰፊ ግቢ ካለው ዘመድ ጋ በወር አንድ እሑድ ብትሠራው ይሻላል። አንድ ሰው ደግሞ በሩን ይጠብቅልህ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ሃይላንድ መምረጥህ ትክክል ነው። የሁለት ሊትሩን ውሰድ፤ ሲሞላ ሁለት ኪሎ ስለሚሆን ይቆማል። ግማሽ ሊትሩ ቀላል ነው፣ በትንሽ ስህተት ይበርራል። እስከ አፉ ሙላው፣ ክደነው፤ ጎዶሎ ከሆነ ጎኑ ይታጠፍና ስለቱን ያንሸራትተዋል። አንገቱና ታቹ ወፍራም ስለሆኑ መሃሉን፣ ከመሃልም ትንሽ ከፍ ያለውን ቦታ ምታ። አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ለጀማሪ አይሆንም፤ ወፍራም ነው፣ ስለቱ መሃል ላይ ይያዝና አንጓህን ይጠመዝዘዋል። ትልቁን የውሃ ጀሪካን አላነሳውም፤ እናትህ ካጡት ግቢው ውስጥ ሌላ ጦርነት ይነሣል። ጠርሙስ፣ የወተት ቆርቆሮ፣ የቀለም ጣሳ፣ ሸክላ፣ እነዚህን በፍጹም። የበረኪና ዕቃም አትንካ፤ አጥበኸው እንኳ የቀረው ጠብታ ዓይንህ ውስጥ ይረጫል።

ውሃው ከቧንቧ አይሁን። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ጎረቤት ጀሪካን ተሸክሞ እየጠበቀ አንተ መሬት ላይ ስትደፋው ማንም ዝም አይልህም፣ ልክም አይደለም። ልብስ የታጠበበትን የመጨረሻ እጣቢ፣ በረኪና ያልገባበትን፣ በሳፋ አስቀምጠህ እሱን ሙላ። ባዶውን ሃይላንድ ከቆራሌው ቀድመህ ከጎረቤት ሰብስብ።

ውሃ እንኳ የማትፈልግበት መንገድ አለ። ጃፓኖች ታሜሺጊሪ በሚሉት የመቁረጥ ልምምድ የታታሚ ምንጣፍን የላይኛውን ሽፋን ጠቅልለው፣ ዘፍዝፈው፣ አቁመው ይቆርጡታል። ያ ሽፋን የሚሠራው ቄጠማችንን ከሚመስል ሣር ነው። በዓል ባለፈ ማግስት ከየቤቱ ተጠርጎ የሚወጣውን ቄጠማ ሰብስበህ፣ እንደ ክንድ ወፈር አድርገህ በሲባጎ ጠፍረህ፣ አንድ ሌሊት እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አሳድረው። እኔ ተማሪዎቼን ከሃይላንድ በፊት የማስቆርጣቸው ይህን ነው። ጥሩ ምት ሲያገኘው «ቅርጥ» ይላል፣ የሚረጭ ነገር የለውም፣ ሽታው ራሱ በዓል በዓል ይላል። የቆየ ጋዜጣም ጠቅልለህ ብትዘፈዝፈው ይሠራል።

ሃይላንዱን የምታቆምበት የባህር ዛፍ ጉቶ ይሁን፤ ቁመቱ ወገብህ ድረስ፣ ታቹ እንዳይወዛወዝ በድንጋይ የተደገፈ። ብሎኬት፣ የብረት ወንበር፣ የፕላስቲክ በርጩማ አይሆኑም። ነጠላ ጫማ አውልቅና ጠንካራ ጫማ አድርግ። ውሃ እጀታው ላይ ከተረጨ ሳትደርቅ ሁለተኛ አትሰንዝር፤ ጨርቅ ኪስህ ውስጥ ይኑር። መጀመሪያ ሰያፍ ቁረጥ፣ ከላይ ወደ ታች ዘንበል አድርገህ። ጨርሶ አግድም መቁረጥ ይከብዳል፣ ለኋላ ይቆይህ።

የሚያምረውን ልንገርህ። ምቱ ልክ ሲሆን እጅህ ላይ ምንም የሚሰማህ ነገር የለም። የላይኛው ቁራጭ ይንሸራተትና ይወድቃል፤ የታችኛው ግን እንደቆመ ይቀራል። ቀረብ ብለህ ስታየው ውሃው እስከ ጠርዙ ሞልቶ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ሳይፈስ ይረጋል። የተቆረጠውን ጠርዝ በዓይንህ ተከተለው። ቀጥ ብሎ ከሄደ ስለትህ ከመንገዱ አልወጣም። እንደ ማንኪያ ጎድጉዶ ከታየ ምቱ መሃል ላይ አንጓህ ዞሯል። መቁረጥ ጀምሮ መሃል ላይ ከተያዘ ወይ ስለቱ ዶልዱሟል ወይ አንተ ሃይላንዱ ላይ ልትቆም አስበህ ነበር፤ ከሃይላንዱ ማዶ እስክትደርስ አትቁም። የበረረ ሃይላንድም ይነበባል፤ አንሣና ጎኑ ላይ ያለውን ስርጉድ እየው፣ ብረቱ በየትኛው ጎኑ እንደነካው ይነግርሃል። ያ የጎረቤት መስኮት የመታው ሃይላንድ ካልተጣለ ፈልገህ እየው።

የተቆራረጠውን ፕላስቲክ አንድም ሳይቀር ልቀም፤ ጠርዙ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሕፃን ይቆርጣል።

ስለ እናትህ የምለው አለኝ። ጎራዴው የአባታቸው ነው። አንተ ደብዳቤህ ላይ «የእናቴ አባት» ብለህ አለፍከው፤ እሳቸው ግን ያንን ዕቃ ባዩ ቁጥር አባታቸውን የሚያዩ ይመስለኛል። «ወይ እኔ ወይ ጎራዴው» ሲሉ ስላንተ ጣት ብቻ የፈሩ አይመስለኝም። ዛሬ ማታ ጎራዴውን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለህ ስጣቸው፤ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ፣ በእሳቸው ቁልፍ ይቀመጥ። ከዚያ ቡና ሲፈላ አያትህ ከማን እንዳገኙት፣ የት እንደያዙት፣ መቼ መጨረሻ እንደመዘዙት ጠይቃቸው፣ ጻፈውም። ሙዚየም ስትሄድ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቅህ ይህንኑ ነው፤ እናትህም አብረውህ ቢሄዱ ደስ ይለኛል።

የጎረቤት መስኮት መሰበር አለመሰበሩን አልጻፍክልኝም። ተሰብሮ ከሆነ ግን ጣውላውን ከማስቆረጥህ በፊት መስታወቱን አስገባላቸው።